ካምቢዮ ሲያፏጭ፦ ከመፍታት በፊት ማዳመጥ

አንድ የሚኒባስ ታክሲ ባለንብረት ከሾፌሩ ቅሬታ ሰማ እንበል። መኪናው ሲሄድ ከወለሉ ሥር «ዊ...» የሚል ድምፅ ያሰማል። ድምፁ ነዳጅ በተሰጠ ቁጥር እየቀጠነ ይሄዳል። ባለንብረቱ መኪናውን ወደ ጋራዥ ይወስዳል። መካኒኩ አንድ ዙር ነድቶ ይመለስና «ካምቢዮው አብቅቷል፤ ሌላ ይገዛ» ብሎ ይፈርዳል። ከሌላ ጋራዥ ደግሞ «ዘይት ብቻ ነው» የሚል መልስ ይገኛል። በሁለቱ መልሶች መካከል ያለው የገንዘብ ልዩነት ከፍተኛ ነው። መኪናው ቆሞ የሚውልበት የሥራ ቀንም ሲታከልበት፣ ጥያቄው የድምፅ ሳይሆን የኪሳራና የትርፍ ጥያቄ ይሆናል።

«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» እንዲሉ፣ የካምቢዮ ፉጨትም ከሥሩ ሊመረመር የሚችል ነገር ነው። ድምፁ የሚሰማበትና የሚጠፋበት ጊዜ በሥርዓት ከተጠና፣ ጉዳቱ ያለበትን ቦታ በአብዛኛው አንድም ብሎን ሳይፈታ ማወቅ ይቻላል። ከዚህ በታች የቀረበው ጽሑፍ ይህንኑ ቅደም ተከተል ለባለመኪናና ለመኪና ገዥ የሚያስረዳ ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ለምን ከበደ?

በኢትዮጵያ ገበያ ያገለገለ መኪና እንደ ቤትና እንደ መሬት የሚቆጠር ሀብት መሆኑ የታወቀ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከበድ ያለ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል። በመሆኑም በአገር ውስጥ ያለው የነዳጅ መኪና ረዥም ዕድሜ እንዲያገለግል ይጠበቅበታል። መለዋወጫውም በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ በመሆኑ፣ በስህተት የተገዛ አንድ ዕቃ የሚያስከትለው ኪሳራ ቀላል አይደለም።

ከዚህም ሌላ መርካቶ ሶማሌ ተራን ከመሳሰሉ ቦታዎች የሚገዛ ያገለገለ ካምቢዮ ከየት መኪና ላይ እንደወረደ፣ ምን ያህል ኪሎ ሜትር እንደሠራ በቀላሉ አይታወቅም። የሚጮኸውን ካምቢዮ አውርዶ ሌላ የሚጮኽ ካምቢዮ መስቀል ሊያጋጥም ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ መመርመሩ ከሁሉም የሚረክስ ሥራ ነው።

ድምፁ ከምን ይፈጠራል?

ካምቢዮ በቀላሉ ሲገለጽ ጥርስ ባላቸው ማርሾች የተሞላ ሳጥን ነው። የኋላ ጎማ በሚገፋ መኪና፣ ለምሳሌ በሚኒባሶቹ ላይ በሚገኘው በእጅ የሚቀየር ካምቢዮ ውስጥ፣ ሦስት ዋና ዋና ዘንጎች አሉ። የመጀመሪያው በፍሪሲዮኑ በኩል ከሞተር ኃይል የሚቀበለው ዘንግ ነው። ሁለተኛው ከታች ሆኖ ከእርሱ ጋር ተያይዞ የሚዞረው የታችኛው ዘንግ ነው። ሦስተኛው ኃይሉን ወደ ኋላ የሚያወጣው ዘንግ ነው። ዘንጎቹ የሚዞሩት በኩሽኔታዎች ላይ ተደግፈው ሲሆን፣ ሁሉንም ከመፋተግ የሚጠብቃቸው ዘይት ነው።

ፉጨቱ የሚመጣው ጥርስ ከጥርስ ሲነካካ ነው። 20 ጥርስ ያለው ማርሽ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ቢዞር፣ በሴኮንድ 50 ዙር ይሆናል ማለት ነው። 50 ዙር በ20 ጥርስ ሲባዛ በሴኮንድ 1,000 ግንኙነት ይሆናል። ይህ ለጆሮ ቀጭንና ጥርት ያለ ድምፅ ነው። ዙሩ በግማሽ ሲቀንስ ግንኙነቱም ወደ 500 ይወርዳል፤ ድምፁም ይወፍራል። ፉጨቱ ከፍጥነት ጋር የሚወጣና የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው።

የተበላ ኩሽኔታ ድምፅ ግን ብዙውን ጊዜ ጥርት ያለ ፉጨት አይደለም። ሻካራ ነው፤ ያጓራል፤ አሸዋ በብረት ላይ የሚፈጭ ያህል ይሰማል። ይሁንና ኩሽኔታው ሲላላ ዘንጉ ከቦታው ስለሚንቀሳቀስ ጥርሶቹ በትክክል አይገናኙም። በዚህ ጊዜ ኩሽኔታው ያመጣው ጥፋት በማርሹ ፉጨት ይገለጣል። ማርሽ ተለውጦ ኩሽኔታው ቢቀር ድምፁ የሚመለሰው ለዚህ ነው።

አንዳንድ ፉጨት ደግሞ በሽታ አይደለም። የኋላ ማርሽ በብዙ መኪኖች ላይ ጥርሱ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ በመሆኑ በተፈጥሮው ይጮሃል። ወደፊት የሚያስኬዱት ማርሾች ጥርሳቸው ዘንበል ብሎ የተቆረጠው ድምፅ እንዲቀንስ ታስቦ ነው። መኪናው ወደ ኋላ ሲሄድ ብቻ የሚያፏጭ ከሆነ ባለቤቱ መደናገጥ የለበትም።

አንደኛ፦ ድምፁ በእርግጥ የካምቢዮ ነውን?

ካምቢዮን ከመክሰስ በፊት ጎረቤቶቹን ማጣራት ተገቢ ነው። መኪናው በቆመበት ሞተሩ ተነስቶ ነዳጅ ሲሰጥ ድምፁ ከተሰማ፣ ምንጩ ዲናሞ፣ የውሃ ፓምፕ፣ የመሪ ፓምፕ ወይም የቀበቶው (የቺንጋው) መወጠሪያ ሊሆን ይችላል። መሪው እስከ ዳር ሲጠመዘዝ ድምፁ የሚጨምር ከሆነ ጥርጣሬው በመሪ ፓምፑና በዘይቱ ላይ ይወድቃል። መካኒኩ ቀበቶውን አውልቆ ሞተሩን ለጥቂት ሴኮንዶች ብቻ ቢያስነሳና ድምፁ ቢጠፋ፣ ካምቢዮው ነፃ ወጣ ማለት ነው።

ድምፁ የሚሰማው በጉዞ ላይ ብቻ ከሆነ ደግሞ ጎማና የጎማ ኩሽኔታ ይፈተሻሉ። የጎማ ድምፅ ከአስፋልት ወደ ኮብልስቶን ወይም ከሻካራ ወደ ለስላሳ አስፋልት ሲታለፍ ይለወጣል፤ የካምቢዮ ድምፅ ግን ለመንገዱ ዓይነት ደንታ የለውም። የጎማ ኩሽኔታ መኪናው ወደ አንድ ጎን ሲታጠፍ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ቀኝ ስለሚያጋድል፣ በዚህ ጊዜ የሚጨምር ድምፅ የቀኝ ጎማ ኩሽኔታን ያመለክታል።

ሁለተኛ፦ ዘይቱን ማየት

የካምቢዮ ዘይት በብዙ ባለመኪናዎች ዘንድ የተረሳ ነገር ነው። የሞተር ዘይት በየጊዜው ሲቀየር፣ የካምቢዮው ግን መኪናው ከተገዛ ጀምሮ ሳይነካ ሊቆይ ይችላል። ዘይት ሲጎድል ጥርሶቹና ኩሽኔታዎቹ ስለሚደርቁ መጀመሪያ የሚሰማው ፉጨት ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ጊዜ ነው።

በእጅ የሚቀየር ካምቢዮ ላይ መኪናው በደልዳላ ቦታ ቆሞ የመሙያው ብሎን ይፈታል። ዘይቱ በአብዛኛው እስከ ቀዳዳው የታችኛው ከንፈር መድረስ አለበት። ዘይት የሚቀይር ሰው ከማፍሰሻው በፊት የመሙያውን ብሎን መፍታት ይገባዋል። ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ መሙያው አልፈታ ቢል መኪናው ባዶ ካምቢዮ ይዞ ይቀራልና።

የሚወጣው ዘይት ራሱ ምስክር ነው። በማፍሰሻው ብሎን ማግኔት ላይ የሚገኝ እንደ ለጥ ያለ ቅባት የላመ ጥቁር ብናኝ የአገልግሎት ምልክት ነው፤ አያስደነግጥም። በጣት የሚዳሰስ ፍንካች ብረት ወይም የጥርስ ስባሪ ከተገኘ ግን ካምቢዮው መፈታት አለበት። ዘይቱ ጎድሎ ከተገኘ ደግሞ መሙላት ብቻ አይበቃም፤ የፈሰሰበት ቦታ መፈለግ ይኖርበታል።

የዘይቱ ዓይነትም ልብ ሊባል ይገባል። በቆርቆሮው ላይ ጂ.ኤል. 4 እና ጂ.ኤል. 5 የሚሉ ጽሑፎች ይታያሉ። ጂ.ኤል. 5 ለዲፈረንሻል ከባድ ጫና የተዘጋጀ ሆኖ በውስጡ ያለው ቅመም ስለሚበዛ፣ በአንዳንድ ካምቢዮዎች ውስጥ ያሉትን የነሐስ ቀለበቶች ሊጎዳ ይችላል። ሻጩ «ይኸኛው ይበልጣል» ስላለ ብቻ መግዛት አይገባም። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ የሚያዘውን መግዛት ነው።

ሦስተኛ፦ የፍሪሲዮን ፈተና

ይህ ፈተና ምንም ወጪ የለውም። መኪናው ቆሞ፣ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ፣ ሞተሩ ተነስቶ፣ ማርሹ ኒውትራል ላይ ይደረጋል። እግር ከፍሪሲዮን ላይ ሲነሳ ከሞተር የሚቀበለው ዘንግና የታችኛው ዘንግ ይዞራሉ። ፍሪሲዮን ሲረገጥ ሁለቱም ይቆማሉ። ከዚህ በመነሳት የሚከተለው ይገኛል፦

– ፍሪሲዮን ሳይረገጥ ተሰምቶ፣ ሲረገጥ የሚጠፋ ድምፅ ከሆነ፣ ችግሩ ያለው በተቀባዩ ዘንግ ወይም በታችኛው ዘንግ ኩሽኔታ ላይ ነው።

– ፍሪሲዮን ሳይረገጥ ጸጥ ብሎ፣ ሲረገጥ የሚጀምር ድምፅ ከሆነ፣ ችግሩ ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ኩሽኔታ ነው። ይህ ከካምቢዮው ሳጥን ውጭ ያለ ዕቃ በመሆኑ ካምቢዮው ቢወርድም አይፈታም።

– በሁለቱም ጊዜ ሳይለወጥ የሚሰማ ከሆነ፣ ምንጩ ሞተሩ አካባቢ ሊሆን ስለሚችል ወደ መጀመሪያው ደረጃ መመለስ ያስፈልጋል።

አራተኛ፦ በመንገድ ላይ

ጸጥ ያለና ደልዳላ መንገድ ይመረጥ። ሬዲዮ ይዘጋ፤ መስኮት ይከፈት። መኪናው በእያንዳንዱ ማርሽ ተራ በተራ ይነዳ። የሚያዳምጠው ሰው ከሾፌሩ ሌላ ቢሆን ይመረጣል።

በአንድ ማርሽ ብቻ የሚሰማ ፉጨት የዚያን ማርሽ ጥርሶች ወይም ማርሹ የሚዞርበትን ኩሽኔታ ያመለክታል። በሁሉም ማርሽ የሚሰማ ከሆነ የጋራ የሆኑት ዘንጎችና ኩሽኔታዎች ይጠረጠራሉ።

የኋላ ጎማ በሚገፋ ባለ አምስት ማርሽ መኪና ላይ አንድ ጠቃሚ ምልክት አለ። በእነዚህ መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ አራተኛ ማርሽ ቀጥታ ነው። ኃይሉ በታችኛው ዘንግ ሳያልፍ ከፊተኛው ዘንግ በቀጥታ ወደ ኋላ ይወጣል። የታችኛው ዘንግ ይዞራል እንጂ ሸክም የለበትም። ስለዚህ በአንደኛ፣ በሁለተኛ፣ በሦስተኛና በአምስተኛ እየጮኸ በአራተኛ የሚለሰልስ ከሆነ፣ ጣት የሚቀሰረው ወደ ታችኛው ዘንግ ኩሽኔታዎች ነው። የፊት ጎማ በሚስብ መኪና ላይ ግን ኃይሉ በማንኛውም ማርሽ በጥርስ በኩል ስለሚያልፍ ይህ ምልክት አይሠራም።

ቀጣዩ ፈተና ድምፁ የሞተሩን ዙር ወይስ የጎማውን ፍጥነት እንደሚከተል መለየት ነው። መኪናው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ያህል እየሄደ በሦስተኛና በአራተኛ ማርሽ ይሞከር። የመኪናው ፍጥነት ሳይለወጥ ማርሽ ሲቀየር ድምፁም ከተቀየረ፣ የሚከተለው ሞተሩን ነው። ካልተቀየረ ከካምቢዮው መውጫ ወዲያ ያለው ሁሉ፣ ማለትም አውጪው ዘንግ፣ ዲፈረንሻሉና ጎማዎቹ ይፈተሻሉ። ነዳጅ ሲሰጥ ብቻ ወይም ነዳጅ ሲለቀቅ ብቻ የሚያፏጭ ድምፅ በአብዛኛው የዲፈረንሻል ጥርሶች ምልክት ነው፤ ጥርሶቹ ሲገፉና ሲገፉባቸው የሚነካኩት በተለያየ ጎናቸው ነውና። የፊት ጎማ በሚስብ መኪና ዲፈረንሻሉ በካምቢዮው ሳጥን ውስጥ እንደሚገኝ አይረሳም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ይህን ፈተና ለማድረግ በቁልቁለት ማርሽ ነጥሎ መሄድ አይገባም። ሞተሩ መኪናውን ስለማይይዘው ጭነቱ ሁሉ በፍሬን ላይ ይወድቃል።

አውቶማቲክ ካምቢዮ

በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ቪትዝን ጨምሮ አውቶማቲክ መኪኖች በርካታ ናቸው። በእነዚህ ላይ የፍሪሲዮን ፈተና የለም፤ በምትኩ የማርሽ ቦታዎቹ ይረዳሉ። መኪናው ቆሞ በፒ ወይም በኤን ላይ እያለ ነዳጅ ሲሰጥ የሚጨምር ፉጨት የዘይት ፓምፑን ያመለክታል። ይህ ሲባል ግን ፓምፑ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ዘይቱ ሲጎድል ወይም ማጣሪያው ሲደፈን ፓምፑ አየር ይስባል ወይም ይታነቃል፤ ያኔም ያፏጫል። ፍሬን ተረግጦ ወደ ዲ ሲገባ የሚጨምር፣ ወደ ኤን ሲመለስ የሚቀንስ ድምፅ ደግሞ ኃይሉን ከሞተር የሚቀበለውን ቶርክ ኮንቨርተር ያስጠረጥራል።

የዘይቱ አለካክ እንደ መኪናው ይለያያል። መለኪያ ዘንግ ባላቸው በብዙ የቶዮታ መኪኖች ዘይቱ ሞቆ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ ፒ ላይ ሆኖ ይለካል። መለኪያ የሌላቸው ደግሞ በጋራዥ በሙቀት ልክ ይታያሉ። ጤናማው ዘይት ብዙውን ጊዜ ቀላ ያለ ነው። ከጠቆረና የተቃጠለ ከሸተተ ውስጡ ተጎድቷል። ከመጠን በላይ መሙላትም አረፋ ስለሚፈጥር እንደ ማጉደል ይጎዳል።

ሲቪቲ የሚባለው ካምቢዮ በማርሽ ፈንታ በብረት ቀበቶና በሁለት ተሽከርካሪ ጎድጓዶች የሚሠራ ነው። መጠነኛ ፉጨት በተፈጥሮው አለው። ድምፁ ከቀድሞው ከጨመረ ግን ችላ ሊባል አይገባም። ለሲቪቲ የተለመደው የአውቶማቲክ ዘይት አይሆንም፤ የራሱ ዘይት አለው። ሁለቱን ማምታታት ጤነኛውን ካምቢዮ እስከ መግደል ሊያደርስ ይችላል።

የኤሌክትሪክ መኪና የገዙ ሰዎችም ከዚህ ድምፅ ነፃ አይደሉም። አብዛኞቹ ማርሽ የሚቀያይር ካምቢዮ ባይኖራቸውም፣ የሞተሩን ዙር የሚቀንሱ ጥርሶች፣ ኩሽኔታዎችና ዘይት አሏቸው። የሞተር ጩኸት ስለሌለም ትንሹ ፉጨት ጎልቶ ይሰማል። ቀጭን ድምፅ የተለመደ ሲሆን፣ እየጨመረ ወይም እየሻከረ የሚሄድ ድምፅ ግን መታየት አለበት።

ገዥ ሆይ፣ ልብ በል

የሚያፏጭ ካምቢዮ ያለው መኪና ሲሸጥ ድምፁን ለጊዜው ለማፈን የሚደረጉ ዘዴዎች አሉ። የታወቀው ዘዴ ከሚገባው በላይ ወፍራም ዘይት መሙላት ነው። ወፍራም ዘይት ድምፅ ይውጣል። ይሁን እንጂ ጠዋት በብርድ ማርሽ ማስገባት ከባድ ይሆናል። ስለዚህ ገዥው መኪናውን ሁለት ጊዜ ቢሞክረው ይጠቀማል። አንዱ ሙከራ ሳይነሳ ባደረበት በቀዝቃዛነቱ፣ ሌላው ግማሽ ሰዓት ያህል ተነድቶ ዘይቱ ከሞቀና ከቀጠነ በኋላ ነው። ሻጩ ወይም ደላላው መኪናውን አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀ፣ ወይም ሬዲዮ እንዲዘጋ ካልፈለገ፣ ምክንያቱን መጠየቅ ነውር የለውም።

ከቦሎና ከሊብሬ ጋር የካምቢዮ ዘይት መቼ እንደተቀየረም መጠየቅ ይበጃል። ፉጨት የተገኘበት መኪና የግድ አይገዛም ማለት አይደለም። ምንጩ ከታወቀ የጥገናው ወጪ ተሰልቶ ከዋጋው ላይ እንዲቀነስ መደራደር ይቻላል። ምንጩ ካልታወቀ ግን ገዥው የሚገዛው መኪና ሳይሆን ዕጣ ነው።

ሥራው ሲሰጥ

ካምቢዮ ማውረድና መስቀል ራሱን የቻለ የጉልበት ዋጋ አለው። ይህ ዋጋ አንድ ኩሽኔታ ቢለወጥም አምስት ቢለወጥም ብዙ አይለያይም። በመሆኑም ካምቢዮው አንዴ ከወረደ የፍሪሲዮን ሸራው፣ የፍሪሲዮን ኩሽኔታውና የዘይት ማገጃ ጎማዎቹ አብረው መታየት አለባቸው። ዛሬ የተቆጠበ ትንሽ ዕቃ ከጥቂት ወራት በኋላ ሙሉ የጉልበት ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል። የተበላ ማርሽ ሲለወጥም ከእርሱ ጋር የሚገናኘው አብሮ ቢለወጥ ይሻላል፤ አዲስ ጥርስ ከአሮጌ ጥርስ ጋር ሲገናኝ ያፏጫልና። ባለንብረቱ የወጡትን አሮጌ ዕቃዎች አሳዩኝ ማለት መብቱ ነው። የተበላ ኩሽኔታ በእጅ ሲዞር ሻካራነቱ ይታወቃል።

አሁን ወደ ሚኒባሱ ባለንብረት እንመለስ። ዘይቱ ጎድሎ ተገኘ፤ ተሞላ፤ ድምፁ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ኒውትራል ላይ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ይጠፋል። በመንገድ ላይ ከአራተኛ በስተቀር በሁሉም ማርሽ ይሰማል። በማግኔቱ ላይ የላመ ብናኝ እንጂ የጥርስ ስባሪ የለም። ሦስቱ ምስክሮች የሚያመለክቱት ወደ አንድ ቦታ ነው፤ እርሱም የታችኛው ዘንግ ኩሽኔታ ነው። ባለንብረቱ «ካምቢዮዬን እዩልኝ» ከማለት ይልቅ ይህንኑ ለመካኒኩ ሲናገር ውይይቱ ካምቢዮ ስለመግዛት መሆኑ ይቀርና ኩሽኔታና የዘይት ማገጃ ስለመለወጥ ይሆናል።

ይኸው ባለንብረት ድምፁን ችላ ብሎ ለተጨማሪ ወራት ቢሠራበት ኖሮ ግን፣ የላላው ዘንግ የማርሾቹን ጥርስ እየበላ ስለሚሄድ «ካምቢዮው አብቅቷል» ያለው መካኒክ በመጨረሻ እውነተኛ በሆነ ነበር። ፉጨት የካምቢዮ የመጀመሪያ ቃል ነው። በዚያን ጊዜ የሰማው ሰው በኩሽኔታ ዋጋ ይገላገላል፤ ያልሰማው ደግሞ በካምቢዮ ዋጋ ይከፍላል።